ከጋራው የሚወርደው ጭስ፦ የአንባብያን የጤና ጥያቄዎችና መልሶች

በጋው ገፍቶ ሣሩ ሲደርቅና የበልጉ ዝናብ ሲዘገይ፣ በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ ባሉ ጋራዎች ላይ ሰደድ እሳት የሚነሣበት ጊዜ ይመጣል። አንዳንዱ እሳት ለእርሻ ተብሎ ከተለኮሰ ማሳ ያመለጠ ነው፤ ሌላው ከከሰል አክሳይ ጉድጓድ ወይም ከማር ቆራጭ ችቦ የተነሣ ይሆናል። በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች የሚበዙት ስለ እሳቱ ሳይሆን እሳቱ ከጠፋ በኋላ እንኳ ከሰፈር ስለማይወጣው ጭስ የሚጠይቁ ናቸው። ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አድርገን፣ የጸሐፊዎቹንም ስም ሳናወጣ፣ ስድስቱን እንመልሳለን።

«ሁለት ልጆች አሉኝ፤ የሰባት ዓመቱ ታላቁ ልጄ አስም አለበት፤ ታናሿ ገና ዓመት አልሞላትም። የምንኖረው በጋራው ግርጌ ነው። ከበላያችን ያለው ቁጥቋጦ በተቃጠለ ቁጥር ጭሱ ሌሊት ይወርድና ጠዋት ቤታችን ውስጥ እናገኘዋለን፤ ፀሐይ ሞቅ ሲል ደግሞ ይነሣል። አማቴ መስኮቱ ተከፍቶ ቤቱ ይናፈስ ይላሉ፤ ጎረቤቶቼ ዝጊው ይሉኛል። የማንን ልስማ? እሳቱስ ሩቅ ከሆነ ምን ጉዳት አለው?» (የልጆች እናት፣ ከኮምቦልቻ)

ውድ እናት፣ የታዘቡት ነገር ትክክል ነው፤ የመልሱም ግማሽ በዚሁ ትዝብትዎ ውስጥ አለ። በበጋ፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት፣ መሬቱ ፈጥኖ ይቀዘቅዛል። መሬቱን የነካው አየርም አብሮ ቀዝቅዞ ስለሚከብድ እንደ ውሃ ቁልቁል እየፈሰሰ በሸለቆው ውስጥ ይተኛል፤ ከበላዩ ያለው ሞቃት አየር ደግሞ እንደ ክዳን ይገጥምበታል። ኮምቦልቻ በቦርከና ሸለቆ፣ ደሴም በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል የተቀመጡ ከተሞች ስለሆኑ፣ ፀሐይዋ መሬቱን አሙቃ ያንን ክዳን እስክታነሣ፣ ይኸውም አብዛኛውን ጊዜ እስከ ጠዋቱ 3 ወይም 4 ሰዓት ድረስ፣ ጭሱ ከሰው አፍንጫ አይርቅም። ስለዚህ አማትዎም ጎረቤቶችዎም ትክክል ናቸው፤ የሚለያዩት በሰዓቱ ብቻ ነው። ጭሱ በውጭ ተኝቶ ሳለ መስኮቱና በሩ ይዘጋ፤ በበሩ ሥር ባለው ክፍተትና በጣሪያውና በግድግዳው መጋጠሚያ ላይም እርጥብ ጨርቅ ወይም አሮጌ ልብስ ይወተፍ። ውጭው ሲጠራ ደግሞ ሌሊቱን ሾልኮ የገባው ጭስ እንዲወጣ ቤቱ በሰፊው ይከፈት። ዘግቶ መዋል ብቻውን መከላከያ አይደለም፤ ወደ ቤት የገባ ጭስ ካልተለቀቀ እዚያው ይተነፈሳል።

የእሳቱን ርቀት በተመለከተ፣ ነበልባሉ ባይደርስብንም ጭሱ ይጓዛል። እ.ኤ.አ. በጁን 2023 በካናዳ ደኖች የተነሣው ጭስ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትሮችን አቋርጦ የኒው ዮርክን ሰማይ ብርቱካናማ አድርጎት ነበር። በዓይን የምናየው ጥቀርሻና አመድ በአብዛኛው አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ተይዞ በአክታ ይወጣል። ከሁሉ የሚጎዳው ግን ዲያሜትሩ ከ2.5 ማይክሮሜትር በታች የሆነው ደቃቅ ብናኝ ነው፤ ይህም ከአንድ የራስ ፀጉር ውፍረት ከሃያ እጅ በላይ የቀጠነ ማለት ነው። እንዲህ የረቀቀው ብናኝ በአፍንጫ ፀጉርም በአክታም ሳይያዝ እስከ ሳንባው የመጨረሻ የአየር ከረጢቶች ይደርሳል፤ ከዚያም የተወሰነው ወደ ደም ያልፋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ያለው የዚህ ብናኝ መጠን በ24 ሰዓት አማካይ ከ15 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። በሰደድ እሳት አካባቢ ግን መጠኑ በመቶዎች የሚቆጠር ማይክሮግራም ሊደርስ ይችላል። መለኪያ መሣሪያ በየቤታችን ስለሌለ ዓይናችንን እንጠቀም፦ በሌላ ቀን ከደጅዎ ቆመው ዛፉን ለይተው የሚያዩት ጋራ ዛሬ ደብዝዞ ከታየዎት፣ የጭስ ሽታም ካለው፣ ልጆችን ከቤት የማስወጣት ሰዓት አይደለም። ደሴን የሚያውቅ ሰው ጭጋግ ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል፤ ይሁን እንጂ ጭጋግ እርጥበት እንጂ የተቃጠለ ቅጠል ሽታ የለውም።

ልጆች ከክብደታቸው አንጻር ሲታይ ከአዋቂ የበለጠ አየር ይተነፍሳሉ፤ ሳንባቸውም ገና በማደግ ላይ ነው። በአስም የተያዘ ልጅ የአየር ቧንቧ አስቀድሞም የተቆጣ በመሆኑ ጭስ ሲነካው ያብጣል፣ ይጠብባል፣ አክታም ያበዛል። ለታላቁ ልጅዎ በየቀኑ የሚወሰድ የመከላከያ መድኃኒት ታዝዞለት ከሆነ «ደህና ነው» ተብሎ አንድም ቀን እንዳይቋረጥ። ሕመሙ ሲነሣ የሚነፋው ሳልቡታሞልም ሌሊት ሳይቀር በእጅ አጠገብ ይሁን። ትንሽ ልጅ መድኃኒቱን በቀጥታ ወደ አፉ ሲነፋ አብዛኛው ጉሮሮው ላይ ይቀራል፤ የግማሽ ሊትር የውሃ ጠርሙስ ቂጡ ላይ በመድኃኒቱ አፍ ልክ ተበስቶ እንደ ማስተላለፊያ ቢያገለግል መድኃኒቱ ወደ ሳንባው በተሻለ ይደርሳል። አሠራሩንና አጠቃቀሙን የጤና ባለሙያ በፊትዎ እንዲያሳይዎት ይጠይቁ፤ ገንዘብ የማይጠይቅ፣ በየጤና ጣቢያው ሁሉ ሊታወቅ የሚገባው ዘዴ ነው።

አሁን ከሁሉ በላይ አደራ የምልዎትን ልናገር። ቤቱን ዘግተው በተቀመጡበት ሰዓት ከሰል አያያይዙ። ብርዱን ለማስታገስም ሆነ ቡና ለማፍላት በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚቀጣጠል ከሰል ቀለምም ሽታም የሌለውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ቤተሰብን በእንቅልፍ ላይ እንዳለ የሚገድል ጋዝ ነው። ከጋራው ጭስ ሸሽተን በራችንን ዘግተን፣ በዚያው በር ውስጥ የባሰውን እንዳናቀጣጥል እፈራለሁ። እንጀራ መጋገር ካለበትና የኤሌክትሪክ ምጣድ ካለ በእርሱ ይጋገር፤ ከሌለ ውጭው እስኪጠራ ይቆይ፣ ልጆቹም ከማዕድ ቤት ይራቁ። እጣኑና ሰንደሉም ለዚያ ቀን ይቅር። ቡና ያለ እጣን ለወሎ ሰው የጎደለ ነገር መሆኑን አውቃለሁ፤ ነገር ግን የልጅዎ ሳንባ ጭሱ ከጋራ ይምጣ ከማጨሻ አይለይም፤ ሁሉንም ደምሮ ነው የሚቀበለው።

ስለ ሕፃኗ ደግሞ አንድ ነገር ይያዙ። ሳታለቅስ፣ ጸጥ ብላ ባለችበት አንድ ሙሉ ደቂቃ አተነፋፈሷን ይቁጠሩ። ከ2 ወር እስከ 12 ወር ባለው ዕድሜ በደቂቃ 50 ጊዜና ከዚያ በላይ መተንፈስ ፈጣን አተነፋፈስ ነው፤ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ ልኩ 40 ነው። ይህ ከታየ፣ ወይም ስትተነፍስ ከጎድን አጥንቷ በታች ያለው ደረቷ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ፣ ወይም ጡት መጥባት ካቃታት፣ እስኪነጋ ሳይጠብቁ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዷት።

«አባቴ 68 ዓመታቸው ነው፤ የደም ግፊትና የልብ ሕመም አለባቸው። ጭስ ባለበት ቀን ቤት እንዲውሉ ስለምናቸው ‹እኔ በኩበት ጭስ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ለምጄዋለሁ› ይሉኛል። በየቀኑ ለሱብሒ ሶላት ዳገቱን ወጥተው መስጊድ ይሄዳሉ። ሲመለሱ ግን ደረታቸውን ይዘው ሲያርፉ አያቸዋለሁ። ጭስ ሳንባን እንጂ ልብን ይጎዳል ወይ?» (ከደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ)

ይጎዳል፤ በአዋቂዎች ላይ ከሚደርሰው ሞት ትልቁን ድርሻ የሚይዘውም በልብና በደም ሥር በኩል የሚመጣው ነው። ደቃቁ ብናኝ ሳንባ ውስጥ ሲደርስ ሰውነት እንደ ወራሪ ቆጥሮት ይቆጣል፤ ቁጣውም በሳንባ ብቻ አይወሰንም። የደም ሥሮች ይጠብባሉ፣ የደም ግፊት ከፍ ይላል፣ ደሙም ለመርጋት የቀረበ ይሆናል። ጤነኛ ልብ ይህን ይቋቋመዋል፤ አስቀድሞ የደከመ ልብ ግን በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ ሊወድቅ ይችላል። ስትሮክም በዚሁ መንገድ ይመጣል።

እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2020 በአውስትራሊያ የደረሰው ቃጠሎ ለዚህ ምስክር ነው። በእሳቱ በቀጥታ የሞቱት ሰዎች 33 ነበሩ፤ ተመራማሪዎች በኋላ ባደረጉት ስሌት በጭሱ ምክንያት የሞቱት ግን 417 ገደማ ናቸው። እሳቱ ያልደረሰባቸው፣ ነበልባሉን በዓይናቸው ያላዩ ሰዎች ናቸው እነዚህ።

ለደሴ ሰው ደግሞ ሌላ የሚታሰብ ነገር አለ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በመሆኗ በአንድ እስትንፋስ የሚገባው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ጤነኛ ሰው ሰውነቱ ለምዶት አይታወቀውም። ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን በደም ውስጥ ያለውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከሁለት መቶ እጅ በላይ አጥብቆ ስለሚይዝ፣ በቀነሰው ላይ ይቀንሳል። ዳገት የሚወጣ የታመመ ልብ ብዙ ኦክስጅን በሚፈልግበት ሰዓት ጥቂቱን ያገኛል። አባትዎ ደረታቸውን ይዘው የሚያርፉት በዚህ ምክንያት ሊሆን ስለሚችል፣ ይህ ምልክት ጭሱ ቢኖርም ባይኖርም ሳይዘገይ በሐኪም መታየት ይኖርበታል።

«ለምጄዋለሁ» ስለሚሉት በአክብሮት የምመልሰው አለኝ። ዓይንና ጉሮሮ ጭስን ይለምዳሉ፤ ማቃጠሉና ማስነባቱ ይቀንሳል። ሳንባና ደም ሥር ግን አይለምዱም፤ ይከማችባቸዋል እንጂ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው እ.ኤ.አ. በ2020 በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት በዓለም ዙሪያ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል፤ እነዚህ በእንጨት፣ በኩበትና በከሰል የሚያበስሉ፣ እንደ እኛ ከልጅነታቸው ጀምሮ ጭስ ለምደናል የሚሉ ሰዎች ናቸው። በኩበት ጭስ ማደጋቸው አባትዎን ከሰደድ እሳት ጭስ የሚጠብቃቸው ጋሻ አይደለም፤ ይልቁን ዛሬ የሚተነፍሱት በትናንቱ ላይ የሚጨመር ነው።

የሱብሒ ሰዓት፣ ለኪዳን ለሚማልዱትም የሌሊቱ መጨረሻ፣ ከላይ እንደገለጽኩት ጭሱ ከመሬት ተጣብቆ የሚያድርበት ሰዓት ነው። አባትዎን ከሶላታቸው አይከልክሏቸው፤ ጭሱ በተኛባቸው ጥቂት ቀናት እቤት እንዲሰግዱ ይለምኗቸው። የታመመ ሰው በቤቱ መስገድ እንደሚፈቀድለት እርሳቸው ከእኔ በላይ ያውቁታል። መውጣታቸው ግድ ከሆነ ከኮቪድ ጊዜ ጀምሮ በየመድኃኒት ቤቱ የሚገኘውን ኤን 95 የተባለ ጭንብል ያድርጉ፤ ሁለቱም ማሰሪያዎች ከጭንቅላት ኋላ ይግቡ፣ የአፍንጫው ሽቦም ይጫን። ጺም ካላቸው ጭንብሉ ከፊታቸው ጋር በደንብ ስለማይገጥም ጥቅሙ ያንሳል። ለመተንፈስ ካስቸገራቸው ያውልቁት። የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ ይውሰዱ። የደረት ሕመሙ ሲያርፉ ካልተወ፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ ከተሰማቸው፣ ንግግራቸው ከተንተባተበ ወይም አንድ ጎናቸው ከዛለ፣ ያን ጊዜ ሰዓት መቁጠር የለም፤ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ይወሰዱ።

«ጭስ የተነፈሰ ሰው ወተት ቢጠጣ ደረቱ ይጠራል ይባላል። እኛም እሳት በተነሣ ቁጥር ለልጆች ወተት እንሰጣለን። ፌጦና ነጭ ሽንኩርትስ? የባሕር ዛፍ ቅጠል መታጠንስ?» (ከኮምቦልቻ)

ወተት ለልጅ መልካም ምግብ ነው፤ ይጠጡት። ሳንባን ግን አያጥብም፤ ምክንያቱም የሚሄደው ወደ ጨጓራ ነው፣ ብናኙ ያለው ደግሞ በሌላ ቧንቧ በሚደረስበት ሳንባ ውስጥ ነው። ፌጦውና ነጭ ሽንኩርቱም እንዲሁ ናቸው። የሚያሳስበኝ መጠጣቱ ሳይሆን ወተት ጠጥቻለሁ ብሎ ተመልሶ ወደ ጭሱ መግባቱ ነው። ውሃ በብዛት መጠጣት ጉሮሮን ያረጥባል፣ አክታንም ያቀጥናል። መታጠኑን ግን አልመክርም፤ የተቆጣ ሳንባ ላይ ሌላ የሚቆጠቁጥ ሽታ መጨመር ነው፤ አስም ያለበትን ሰው ሊያስነሣበት ይችላል፣ በፈላው ውሃ የሚቃጠል ልጅም አለ።

«ከሰፈራችን ወጣቶች ጋር እሳት ለማጥፋት ወጥቼ ነበር። አፍና አፍንጫዬን በእርጥብ ነጠላ ሸፍኜ በቅርንጫፍ እየደበደብን አምስት ሰዓት ያህል ቆየን። ማታ ራሴን ክፉኛ አመመኝ፣ አስመለሰኝም። ድካም ነው ብለው አሳለፉኝ። ጥቁር አክታም ለሦስት ቀን ወጣኝ። ደግሜ ብሄድ ምን ላድርግ?» (የ22 ዓመት ወጣት፣ ከደሴ ዙሪያ)

ስላደረግኸው ነገር አስቀድሜ አመሰግንሃለሁ፤ ደኑ የሁላችን ነው፣ እሳቱን የሚያጠፋው ደግሞ እንደ አንተ ያለ ወጣት ነው። የራስ ምታቱ፣ ማቅለሽለሹና ማስመለሱ ግን ድካም ብቻ ላይሆን ይችላል፤ የካርቦን ሞኖክሳይድ መመረዝ ምልክቶችም እነዚሁ ናቸው። ይህ ጋዝ በብዛት የሚወጣው ከሚንቦገቦገው ነበልባል ይልቅ ከሚጨሰው ግንድና ሥር ነው፤ ስለዚህ «እሳቱ ጠፍቷል፣ የቀረው ጭስ ብቻ ነው» የሚባልበት ሰዓት ሰው የሚዘናጋበት ሰዓት ነው። እርጥብ ነጠላ አመዱንና ትልልቁን ብናኝ ያስቀርልሃል፤ ደቃቁን ብናኝ በአብዛኛው ያሳልፈዋል፣ ጋዙን ግን ጨርሶ አይከለክልም። ኤን 95 ጭንብል እንኳ ብናኙን እንጂ ጋዙን አይዝም። ለጋዙ ያለው መከላከያ ቦታና ጊዜ ብቻ ነው፦ ነፋሱ ከጀርባህ ሆኖ መሥራት፣ ከእሳቱ በላይ ባለው ተዳፋት አለመቆም፣ በየተራ እየወጡ ንጹሕ አየር ባለበት ማረፍ። አምስት ሰዓት ያለ ዕረፍት መቆም እጅግ ብዙ ነው። ሰው ንጹሕ አየር ውስጥ ከገባ በኋላ በደሙ ያለው ጋዝ በግማሽ እስኪቀንስ ብቻ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይፈጃል፤ ስለዚህ አንድ ጓደኛችሁ ግራ ሲጋባ፣ ሲንገዳገድ ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ሲለው ጥላ ሥር አስተኝታችሁ አትተዉት፤ አንድ ሰው አብሮት ይውረድና ኦክስጅን ወዳለበት ጤና ተቋም ይድረስ። ብቻውንም አይላክ።

ጥቁሩ አክታ ሰውነትህ ጥቀርሻውን እያወጣ መሆኑን ያሳያል፤ በጥቂት ቀን መተው አለበት። ሳሉ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ግን «የእሳቱ ጭስ ነው» ብለህ አትቀመጥ፤ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ሊደረግልህ ይገባል። ጭስን ሰበብ አድርገው ሳላቸውን ለወራት ያቆዩ፣ በኋላም ቤተሰባቸውን ያስያዙ ሰዎች ስላሉ ነው ይህን የምጽፍልህ።

«የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ጭሱ ለጽንሱ ያሰጋዋል? ከወለድኩ በኋላስ ወይባ መሞቅ እችላለሁ?» (ከደሴ)

እህቴ፣ አዎን፣ ያሰጋል። ካርቦን ሞኖክሳይድ በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ ጽንሱ ያልፋል፤ የጽንስ ደም ደግሞ ከእናቱ ደም ይልቅ አጥብቆ ይይዘዋል። በእርግዝና ጊዜ ለብዙ ጭስ መጋለጥ ያለ ጊዜው ከመውለድና ልጁ በአነስተኛ ክብደት ከመወለዱ ጋር ተያይዞ ታይቷል። ይህ ማለት አንድ ጠዋት ጭስ ስለሸተተሽ ልጅሽ ተጎድቷል ማለት አይደለም፤ አትደንግጪ። ሳምንቱን ሙሉ የሚቆይ ከሆነ ግን፣ ጭሱ በማይደርስበት ሰፈር ዘመድ ካለሽ፣ ለጥቂት ቀን እዚያ መክረሙ መልካም ነው። ምግብ ማብሰሉንም ሌላ ሰው ይያዝልሽ። የጽንሱ እንቅስቃሴ ከቀነሰብሽ የዚያኑ ዕለት ተመርመሪ። ወይባውን በሚመለከት፣ ሰውነትን የሚያጥነው ጭስ ወደ ሳንባም ይገባል፤ በተለይ አራሷና ሕፃኑ በአንድ ክፍል ካሉ ጭሱን አብረው ይተነፍሱታል። ቢቀር ይሻላል፤ የማይቀር ከሆነ ሕፃኑ በዚያ ቤት አይኑር፣ በሩም ክፍት ይሁን።

«አመዱ ጎመናችን ላይና የቤታችን ቆርቆሮ ላይ ወርዷል። ጎመኑ ይበላል? ከጣሪያ የምናጠራቅመው የበልግ ውሃስ?» (ከደሴ፣ ጢጣ)

የእንጨትና የሣር አመድ ብቻ ከሆነ ጎመኑ ቅጠል በቅጠል በሚፈስ ውሃ ታጥቦ ይበላል፤ ፕላስቲክ፣ ጎማ ወይም ቤት አብሮ ከተቃጠለ ግን ቅጠሉ ይጣል። የመጀመሪያው ዝናብ ጣሪያውን አጥቦ እስኪወርድ ወደ በርሜሉ አይግባ፤ ቱቦው ለጊዜው ወደ ውጭ ይዙር። ደጁን በደረቁ አይጥረጉ፤ የወደቀው አመድ ተመልሶ ይነሣል። ውሃ ረጨት ተደርጎ፣ ልጆች ራቅ ብለው፣ የሚጠርገውም ሰው ጭንብል አድርጎ ይጠረግ።